የመሬቱ ጥንካሬ በየካቲት ሲለካ 22፣ በላቦራቶሪ ሲለካ 2፤ የትኛውን ልመን?

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ጀማሪ የሳይት መሐንዲስ ነኝ። ቱሉ ቦሎ አካባቢ በ4 ኪሎ ሜትር የአስፋልት መንገድ ላይ እየሠራሁ ነው። መሬቱ ጥቁር አፈር ነው። በየካቲት በዲሲፒ (መዶሻ እየወደቀበት ሾጣጣ ብረት አፈር ውስጥ በሚያስገባው የሜዳ መሣሪያ) ስንለካው ሲቢአሩ፣ ማለትም የአፈሩ የመሸከም ጥንካሬ መለኪያ፣ 22 አካባቢ መጣ። ላቦራቶሪ የላክነው ናሙና ውጤት ግን 2 ብቻ ነው። ኮንትራክተሩ ‹ላቦራቶሪው ተሳስቷል፤ የተጫነ ሲኖትራክ የሚሸከም መሬት እንዴት 2 ይሆናል?› ይለኛል። የትኛውን ልመን?»

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ደስ አለኝ። ሁለት ቁጥር ሲጋጭብሽ የሚመችሽን መርጠሽ አላለፍሽም። በዚህ ሥራ ብዙ ገንዘብ የሚቀልጠው እዚህ ጋ ነው።

አጭሩ መልስ፦ ሁለቱም ልክ ናቸው ብዬ እገምታለሁ። ዲሲፒው የለካልሽ የየካቲትን አፈር ነው። ላቦራቶሪው ናሙናውን ውኃ ውስጥ አጥልቆ ስለሚፈትን የለካልሽ የነሐሴን አፈር ነው። መንገዱ ደግሞ ነሐሴንም ቆሞ ማለፍ አለበት። ስለዚህ ዲዛይኑ 2ን ይዞ ይሂድ። ምክንያቱን ግን ዘርዘር አድርጌ ልንገርሽ። ኮንትራክተሩ ፊት ቆመሽ «አንድ ባለሙያ እንዲህ አለኝ» ብትዪ አያዋጣሽም።

መጀመሪያ አፈሩን እንየው። ቱሉ ቦሎ የበቾ ሜዳ ላይ ናት። በየካቲት ያ ሜዳ ተሰነጣጥቆ እጅ የሚያስገባ ክፍተት ይኖረዋል። ጓሉ በመዶሻ ካልሆነ አይሰበርም። በሐምሌ እዚያው ቦታ ብትቆሚ ጫማሽ ጭቃው ውስጥ ይቀራል። አንዱ ኮትቻ ይለዋል፣ ሌላው መረሬ፣ ሌላው ዋልካ፤ ጠባዩ ግን አንድ ነው። ውስጡ ስሜክታይት የሚባል የሸክላ ማዕድን በብዛት አለ። ማዕድኑ እንደ ስስ ቅጠል የተነባበረ ነው። ውኃ ሲያገኝ በንብርብሮቹ መሃል ይገባና ያራርቃቸዋል። አፈሩ ያብጣል፣ ይለሰልሳል። ሲደርቅ ደግሞ የቀረችው ትንሽ ውኃ ቅንጣቶቹን እርስ በርስ አጥብቃ ትስባቸዋለች። የየካቲቱ ጥንካሬ የመጣው ከዚህ ስበት ነው። ዝናብ ሲመጣ ስበቱ ይጠፋል፣ ጥንካሬውም አብሮ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ኮንትራክተሩ አንድ ጥሩ ክርክር ሊያነሳብሽ ይችላል። «አስፋልቱ ከላይ ሸፍኖታል፣ ዝናቡ በምን ይገባል?» ይልሻል። ክርክሩ መናቅ የለበትም። አስፋልቱ ዝናቡን ይከለክላል፣ እውነት ነው። ግን ትነቱንም ይከለክላል። በየዓመቱ በፀሐይ ይወጣ የነበረው እርጥበት ታፍኖ ይቀራል። ውኃ ከጎን፣ ከትከሻውና ከቦዩ በኩል ቀስ እያለ ይገባል። ከሁለት ሦስት ክረምት በኋላ በመንገዱ መሃል ያለው አፈር ከየካቲቱ በጣም የረጠበ ይሆናል። ጠርዙ ደግሞ በየዓመቱ እየረጠበና እየደረቀ ይኖራል። በጥቁር አፈር ላይ በሚያልፉ መንገዶች ከጠርዙ ገባ ብሎ በርዝመቱ የሚሄደውን ስንጥቅ አይተሽው ይሆናል። ጠርዙ ሲያብጥና ሲኮማተር መሃሉ ስለማይከተለው የሚመጣ ስንጥቅ ነው። ጎማ ያመጣው የሚመስላቸው ብዙ ናቸው።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ሲቢአር በ1920ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ የካሊፎርኒያ አውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት የተጀመረ ሙከራ ነው፤ ስሙም ከዚያ መጣ። ሥራውን የመራው ኦ. ጄ. ፖርተር የተባለ መሐንዲስ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች ለአውሮፕላን ማረፊያዎች ወሰዱት፣ ከዚያ በዓለም ተሰራጨ። ሐሳቡ ቀላል ነው። የሻይ ብርጭቆ አፍ የሚያህል፣ 50 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ብረት አፈሩ ውስጥ ቀስ ብሎ ይገፋል፤ ፍጥነቱ በደቂቃ 1.27 ሚሊ ሜትር ነው። 2.5 ሚሊ ሜትር ሲገባ ስንት ኃይል ጠየቀ? 5 ሚሊ ሜትር ሲገባስ? ለጥሩ የተፈጨ ድንጋይ መለኪያ ሆኖ የተያዘው 13.2 እና 20 ኪሎ ኒውተን ነው። የአፈርሽን ለዚያ ታካፍያለሽ።

በአንቺ አፈር እንሞክረው። 2.5 ሚሊ ሜትር ላይ 0.29 ኪሎ ኒውተን ተነበበ እንበል። ለ13.2 ሲካፈል 2.2 በመቶ ነው። 5 ሚሊ ሜትር ላይ 0.42 ቢነበብ፣ ለ20 ሲካፈል 2.1 ነው። ስለዚህ ሲቢአሩ 2 ገደማ ሆነ። በኪሎ ሲታሰብ ድንጋዩ 1,350 ኪሎ ገደማ የሚጠይቀውን ያህል ለመግባት ያንቺ አፈር የጠየቀው 30 ኪሎ ነው። ይህን ለኮንትራክተሩ በኪሎ ንገሪው። ከመቶኛው ይልቅ ይህ ይገባዋል።

እንግዲህ ሲቢአር የአፈሩ ቋሚ መታወቂያ አይደለም። በዚህን ያህል እርጥበት፣ በዚህን ያህል ጥቅጥቅታ ያለ አፈር ውጤት ነው። ሁለቱ ካልተጻፉበት «ሲቢአር 22» የሚለው ወረቀት ብዙም አይነግርሽም። ከዲሲፒው ጉድጓድ አጠገብ የእርጥበት ናሙና ወስዳችሁ ነበር? ካልወሰዳችሁ በሚቀጥለው ጊዜ ሳትወስጂ እንዳትመለሺ።

ላቦራቶሪው ተሳስቶ ቢሆንስ? ሊሳሳት ይችላል። ስለዚህ ሪፖርቱን ከማመንሽ በፊት ሄደሽ ጠይቂያቸው። የማይጠይቅ መሐንዲስ ሲበዛባቸው እነሱም ይዘናጋሉ።

ናሙናው ከየት ጥልቀት ተወሰደ? ላዩን የሣር ሥር ያለበትን አፈር ጠርገው ከመንገዱ የታችኛው አልጋ፣ ማለትም ሰብግሬድ ከሚሆነው ደረጃ መውሰድ ነበረባቸው። ለአንድ ጉድጓድ ከ50 ኪሎ ያላነሰ ቢያዝ ጥሩ ነው። ሦስት ሞልድ (አፈሩ የሚደቆስበት የብረት ቅርጽ)፣ ፕሮክተር (አፈሩ በየትኛው እርጥበት በጣም እንደሚጠቀጠቅ የሚያሳየው ሙከራ) እና የመለያ ሙከራዎቹ ብዙ አፈር ይበላሉ። ትንሽ ፌስታል ይዘው የመጡ እንደሆነ አንዱን አፈር ደጋግመው እየደቁሱ ተጠቅመዋል ማለት ነው። ጥቁር አፈር ሲደጋገምበት ጠባዩ ይለወጣል።

እንዴት ደረቀ? ጥቁር አፈር በኦቨን ደርቆ ወደ ሙከራ መግባት የለበትም። በነፋስ ይድረቅ፣ ጓሉ በደንብ ይሰበር። ውኃ ከተቀላቀለበት በኋላ ደግሞ በፕላስቲክ ተሸፍኖ ቢያንስ ለሊቱን ይደር። ይህን ብዙዎች ይዘሉታል። ውኃ ወደ ሸክላ ጓል ልብ ለመግባት ጊዜ ይፈልጋል። ወዲያው ከተደቆሰ ላዩ የረጠበ፣ ውስጡ ደረቅ ጓል ያለበት ሞልድ ይሆናል፤ ቁጥሩም ካለአግባብ ይወጣል።

ቀጥሎ ድቆሳው። በአሽቶ (የአሜሪካ የመንገድ ሙከራ ደረጃ) የተሻሻለው ዘዴ መዶሻው 4.54 ኪሎ ነው፣ ከ457 ሚሊ ሜትር ይወድቃል፣ አፈሩ በ5 ንብርብር ይሞላል። አገራችን ውስጥ በተለምዶ ሦስት ሞልድ ይሠራል፤ በ10፣ በ30 እና በ65 ምት። ከሦስቱ ውጤት መስመር ይሠመርና ከከፍተኛው ደረቅ ጥግግት 95 በመቶ ላይ ያለው ሲቢአር ይነበባል። ሪፖርትሽ ላይ አንድ ቁጥር ብቻ ካለ ሦስቱን ነጥቦች ጠይቂ። ለምሳሌ በ10 ምት 1.3፣ በ30 ምት 1.9፣ በ65 ምት 2.8 ቢሆን ነገሩ ይታመናል። በ65 ምት 2 ሆኖ በ10 ምት 6 ከመጣ አንድ ስህተት አለ ማለት ነው።

ከዚያ ማጥለቁ። ሙሉ 96 ሰዓት፣ ማለትም 4 ቀን ነው። ከላዩ ቢያንስ 4.54 ኪሎ ክብደት ይጫንበታል። ክብደቱ በኋላ ከሰብግሬዱ በላይ የሚመጣውን የመንገድ ንብርብር ይወክላል። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንድ ላቦራቶሪ ውስጥ ሞልዶቹ በሁለተኛው ቀን ከውኃ ሲወጡ አይቻለሁ። አሠሪው ቸኩሎ ነበር። ውጤቱ 7 ተብሎ ተጻፈ። እኔም ልጅ ነበርኩ፣ ዝም አልኩ። በኋላ ሌላ ናሙና በሙሉ 4 ቀን ሲሠራ 3 መጣ። ያ ዝምታዬ እስከዛሬ ይቆጨኛል፤ ለዚህ ነው ሰዓቱን ጠይቂ የምልሽ። ከባድ ሸክላ ውስጥ ውኃው በ4 ቀንም እስከ ልቡ ላይደርስ ይችላል። 2 ቀንማ ቆዳውን ማርጠብ ነው።

አሁን ብዙ ሰው ወደማይጠይቀው፣ እኔ ግን ከሲቢአሩ እኩል ወደማየው ቁጥር ልውሰድሽ። ስዌል፣ እብጠቱ። ሞልዱ ውኃ ውስጥ ሳለ ከላዩ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ዳያል ጌጅ፣ ማለትም ጥቃቅን እንቅስቃሴን የሚያነብ ባለ ሰዓት መለኪያ፣ ይቀመጣል። አፈሩ ስንት ወደ ላይ እንደገፋ በየቀኑ ይነበባል። የናሙናው ቁመት 116.4 ሚሊ ሜትር ነው። 8.2 ሚሊ ሜትር ካበጠ 7 በመቶ ሆነ ማለት ነው። ከ2 በመቶ በላይ ያበጠ አፈር ልዩ አያያዝ ይፈልጋል፣ ሲቢአሩ የፈለገውን ቢሆን። ምክንያቱም ሲቢአር የሚነግርሽ ጎማ ሲጫነው ምን እንደሚሆን ነው። ስዌል የሚነግርሽ ጎማ ባይኖርም መሬቱ ራሱ መንገዱን እንደሚያነሳና እንደሚያወርድ ነው። የንብርብር ውፍረት የመጀመሪያውን ይፈታል፤ ሁለተኛውን ብቻውን አይፈታም። በአራተኛው ቀን ጠዋትም ጌጁ ገና እየጨመረ ከነበረ ያንን በሪፖርቱ ላይ ያስፍሩልሽ።

ሌላ ማመሳከሪያም አለ። ሊኩዊድ ሊሚቱን (አፈሩ እንደ ፈሳሽ መሆን የሚጀምርበትን እርጥበት) እና ፕላስቲሲቲ ኢንዴክሱን (እንደ ሊጥ የሚሆንበትን የእርጥበት ስፋት) እዪ። ሊኩዊድ ሊሚቱ 80፣ ፕላስቲሲቲው 45 ሆኖ የጠለቀ ሲቢአር 15 የሚል ወረቀት ቢመጣልሽ አትፈርሚ። ያንቺ 2 ግን ከእንዲህ ዓይነት አፈር ጋር ተስማምቶ ይሄዳል።

ዲሲፒውን ግን እንዳትጥዪው። ግሩም መሣሪያ ነው። 8 ኪሎ መዶሻ ከ575 ሚሊ ሜትር ይወድቃል፣ ጫፉ 60 ዲግሪ የሆነ፣ 20 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሾጣጣ ይገባል። በአንድ ምት ስንት ሚሊ ሜትር እንደገባ ይጻፋል። የሲቢአሩ ሎግ ከ2.48 ላይ የመግቢያው ሎግ በ1.057 ተባዝቶ ሲቀነስ ነው። ያንቺ ሾጣጣ በአንድ ምት 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ገብቶ ይሆናል፤ 22 የሚመጣው ከዚያ ነው። በነሐሴ እዚያው ቦታ 60 ሚሊ ሜትር ሲገባ ብታዪ እንዳትደነግጪ። ያኔ 4 ይሆናል። ዲሲፒ በአንድ ቀን 20 ቦታ ይለካልሻል፤ ላቦራቶሪ ይህን አይችልም። መንገዱ የት ጋ እንደሚለወጥ፣ የት ጋ ለስላሳ ኪስ እንዳለ፣ የድሮው ጠጠር ንብርብር ስንት ውፍረት እንዳለው ለማወቅ ተጠቀሚበት። የዲዛይን ቁጥርን ግን ከበጋ ዲሲፒ አትውሰጂ።

ሁልጊዜ አጥልቁ ማለቴም አይደለም። ዓመታዊ ዝናቡ ከ250 ሚሊ ሜትር በታች በሆነበት፣ የከርሰ ምድር ውኃውም ጥልቅ በሆነበት ቦታ፣ ለምሳሌ በአፋር ቆላ፣ አራት ቀን ማጥለቅ ከእውነታው የራቀ ጥንቃቄ ሊሆን ይችላል። በዚያ ቦታ በተገቢው የድቆሳ እርጥበት የተሠራ ሙከራ ይበቃ ይሆናል። በቾ ግን አፋር አይደለም። በክረምት ውኃ የሚተኛበት ሜዳ ነው።

የቁጥሩ ልዩነት በዲዛይን ላይ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ ለአለቆችሽ አሳዪ። የአገራችን የመንገድ ዲዛይን ማኑዋል ሰብግሬድን በስድስት ይከፍላል። ኤስ1 ሲቢአሩ 2 የሆነው ነው። ኤስ2 ከ3 እስከ 4፣ ኤስ3 ከ5 እስከ 7፣ ኤስ4 ከ8 እስከ 14፣ ኤስ5 ከ15 እስከ 29፣ ኤስ6 ከ30 በላይ። 22 ብላችሁ ብትገቡ ኤስ5 ሆናችሁ። ኤስ1 የሚፈልገው የተመረጠ ሙሌት ሽፋን ሙሉ በሙሉ ይቀራል ማለት ነው። በወረቀት ላይ ትልቅ ቁጠባ ይመስላል።

አማካይ እንዲወሰድም አትፍቀጂ። 10 ውጤት አለሽ እንበል፦ 2፣ 2፣ 2፣ 3፣ 3፣ 3፣ 4፣ 4፣ 9፣ 12። አማካዩ 4.4 ነው፣ ደህና ይመስላል። ግን ከዚህ በታች የሆኑት ስምንቱ ናቸው። የሚወሰደው ከውጤቶቹ 90 በመቶው የሚያሟሉት ዝቅተኛው ቁጥር ነው፤ እዚህ ላይ 2። የ9 እና የ12ቱን ቦታ ደግሞ ሄደሽ እዪ። ቀይ አፈር ያለበት ከፍታ ከሆነ ራሱን የቻለ ክፍል አድርገሽ ለብቻው ዲዛይን አስደርጊው። በአንድ ላይ ማደባለቁ ለሁለቱም አይበጅም።

ታዲያ በ2 ምን ይደረጋል? የተለመደው ቆርጦ መተካት ነው። ጥቁሩ አፈር ይነሳል፣ ብዙ ጊዜ ከ60 ሳንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር፣ በገረጋንቲ ይተካል። ለካፒንግ፣ ማለትም ከሰብግሬዱ በላይ ለሚመጣው የተመረጠ ሙሌት ሽፋን፣ የሚሆነው ማቴሪያል ጠልቆ ሲቢአሩ 15፣ ከእሱ በላይ ያለው ንብርብር ሰብቤዙ 30፣ ከአስፋልቱ ሥር ያለው የጠጠር ቤዙ 80 እንዲደርስ ይጠበቃል። እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ። በሬድ አሽ (ቀዳዳ በበዛበት ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) ለመተካት ካሰባችሁ የውኃውን መውጫ አስቡ። ሬድ አሽ ውኃ ያሳልፋል፣ ጥቁር አፈር አያሳልፍም። በጥቁር አፈር ውስጥ ቆፍረሽ ሬድ አሽ ስትሞዪ ገንዳ ሠራሽ ማለት ነው። ክረምቱን ሙሉ ውኃ ይዞ ከሥሩ ያለውን አፈር ያለሰልሰዋል። ደህና ማቴሪያል ተገዝቶ መንገዱ የባሰበትን ሥራ በዓይኔ አይቻለሁ። ውኃ ብዙ የማያሳልፍ ገረጋንቲ ይሻላል፤ ካልሆነም መንገዱን ከሜዳው ከፍ አድርጎ ውኃው በጎን እንዲወጣ ማድረግ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ኖራ ነው። በተለምዶ ከአፈሩ ደረቅ ክብደት ከ4 እስከ 6 በመቶ ይቀላቀላል፤ ትክክለኛው መጠን ግን በራስሽ አፈር ተሞክሮ ይወሰን። ኖራ እብጠቱንም ፕላስቲሲቲውንም ይቀንሳል፣ ጥንካሬውን ይጨምራል። ጭንቁ ማደባለቁ ላይ ነው። ጓሉ ካልደቀቀ ኖራው ጓሉን ይለብሰዋል እንጂ ውስጥ አይገባም። በግሬደር ብቻ አንድ ሁለቴ ገልብጦ «ተቀላቀለ» ማለት ገንዘብ መጣል ነው።

ከሁለቱም በላይ ግን ውኃውን ተከታተዪ። የጎን ቦዩ ከመንገዱ እግር ራቅ ይበል፣ ውኃ አይተኛበት። ትከሻው ቢታሸግ ያ የጠርዝ መርጠብና መድረቅ ከጎማው መስመር ራቅ ይላል። ዳር ላይ ባሕር ዛፍ ካለም ልብ በዪ። ሥሩ ውኃውን ሲመጥ መሬቱ በአንድ ወገን ይኮማተራል፣ መንገዱም ይሰምጣል።

ኮንትራክተሩን ለማሳመን ደግሞ ክርክር አታብዢ። እሱ ባለበት ከዚያው አፈር ሁለት መንታ ሞልድ አስደቁሺ። እርጥበቱም ምቱም አንድ ይሁን። አንዱ ሳይጠልቅ ወዲያው ይፈተን። ሁለተኛው 4 ቀን ጠልቆ ይፈተን። ለሁለተኛው ሙከራ ቡና ጋብዘሽም ቢሆን ጥሪው። ብረቱ እንዴት እንደሚገባ፣ አፈሩ ከሞልዱ አፍ እንዴት እንዳበጠ በዓይኑ ይይ። ሲኖትራኩን የሚሸከመው መሬት የትኛው እንደሆነ ያኔ ራሱ ይነግርሻል።

እስከዚያው ላቦራቶሪውን ሦስቱን የጥግግት ነጥቦች፣ የጠለቀበትን ሰዓትና የየቀኑን የስዌል ንባብ ጠይቂያቸው። በነሐሴ አጋማሽ ዲሲፒውን ቀድሞ በለካችሁባቸው ቦታዎች ላይ ድገሚው፤ በዚህ ጊዜ ከየጉድጓዱ የእርጥበት ናሙና ይወሰድ። የስዌሉን ንባብ እንዳገኘሽ ጻፊልኝ። ከ2 በመቶ በላይ ከሆነ ቆርጦ መተካቱንና ኖራውን ከገረጋንቲ ማውጫው ርቀት ጋር እያነጻጸርን እናሰላዋለን።